አራተኛው ብሎን

እኛ ቤት ሥራ ላይ ያለ ሰው አይናገርም። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፣ አፋችን ሙሉ ስለሆነ ነው። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትለካና ስትቆርጥ ስፒሉን በከንፈሯ ደርድራ ትይዛለች። እኔ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነኝ፤ የምፈታውን ብሎን አፌ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጠረጴዛዬ ሞልቶ ለራሱም ቦታ የለው። ደንበኛ መጥቶ "ደረሰልኝ?" ሲለኝ "እምም" እላለሁ፤ የደረሰውም ያልደረሰውም መልሱ አንድ ነው። ልጃችን በሰባት ዓመቷ ከጎኔ ተቀምጣ አሮጌ ሬዲዮ ስትፈታ፣ ሦስት ብሎን ጉንጯ ውስጥ ወትፋ ባየኋት ጊዜ እናቷን ተጣርቼ "ነይማ እዪ፣ ባለሙያ ወልደሻል!" ያልኩት እኔው ነኝ።

ይህን አስቀድሜ መናገሬ በኋላ ጥፋተኛ ስትፈልጉ እንዳትደክሙ ብዬ ነው።

ልጅቷ ሃያ ዓመት ሲሞላት የአየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ገባች። ከስንት መቶ ተፈታኝ ሠላሳ ብቻ ነበር የተወሰደው። ሰፈሩ "ኢንጂነር" እያለ ይጠራኛል እንጂ እኔ አውሮፕላን በእጄ ነክቼ አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን በሰማይ የሚያልፈውን ሁሉ እኔ እንደሠራሁት ቀና ብዬ ማየት አመጣሁ። ባለቤቴ "አንገትህ ተቀጭቶ ይቀራል" እያለች ትስቅብኛለች።

ሥልጠናው አሥራ አራት ወር ነው። ስልክ የሚሰጣቸው እሁድ ከሰዓት፣ ያውም ለሃያ ደቂቃ ብቻ። አሥሩን ደቂቃ እናቷ ትወስዳለች፤ በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ፣ እግርሽ ተሻለሽ ወይ። ቀሪው የእኔ ነው፤ ምን ተማራችሁ፣ ምን ፈታችሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሩጫና የክፍል ትምህርት ነበሩ። እግሯ ውኃ ቋጥሮ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ እንቅልፍ አጥታ እንኳን ትስቅ ነበር። በጽሑፍ ፈተና ሁለተኛ ወጣች። እኔም ሱቄ በር ላይ ቆሜ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም አወራሁ።

በስድስተኛው ወር ሃንጋር ገቡ፤ አውሮፕላኖቹ የሚጠገኑበት ትልቁ አዳራሽ ማለት ነው። በዚያው ሳምንት እሁድ ስትደውል ሳቋ አልነበረም።

"አባዬ፣ ወደቅኩ።"

"ምን ላይ? ተጎዳሽ?"

"ፈተና ነው የምልህ። ብሎን አፌ ውስጥ አስገብቼ ተገኘሁ።"

እውነቱን ልናገር፣ ሳቅኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እዚያ እያንዳንዱ ካቻቪቴ፣ እያንዳንዱ መፍቻ በሳጥኑ ውስጥ በራሱ ቅርጽ የተቆረጠ ማስቀመጫ አለው፤ አንድ ዕቃ ከጎደለ ጉድለቱ ከሩቅ ይታያል። የተፈታ ብሎን ተቆጥሮ ትሪ ላይ ይቀመጣል፣ ይጻፋል፣ ሲመለስ ይቆጠራል፣ ይፈረምበታል። ቁጥሩ ካልሞላ አውሮፕላኑ ካለበት አይነቃነቅም። አፍ ውስጥ ያለ ብሎን ደግሞ የትኛውም ወረቀት ላይ የለም። አሠልጣኟ ሻምበል ከኋላዋ መጥታ "የስንት ብሎን ክዳን ነው የፈታሽው?" ብላ ስትጠይቃት የእኔ ልጅ ምን ብላ መለሰች መሰላችሁ? "እምም!"

ጓደኞቿ በሳቅ ፈነዱ። ሻምበሏ አልሳቀችም። "አፍ ትሪ አይደለም" ብላ ወረቀቱ ላይ ዜሮ ጻፈችባት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደገመችው። "አባዬ፣ ሳላውቀው ነው። እጄ ራሱ ነው ያደረገው። ምላሴ ላይ ብረት ብረት ሲለኝ ነው የነቃሁት" አለችኝ እያለቀሰች። የቀራት አንድ ዕድል ነበር፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ የሚሰጠው የተግባር ፈተና። እሱን ከወደቀች ከሃንጋር ትወጣና ግምጃ ቤት ገብታ ጫማና ብርድ ልብስ ስታድል ትኖራለች። ሕልሟ እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔ ስናደድ አፌን የሚይዝልኝ የለም። "ቆይ፣ ብሎን በአፍ መያዝ ማንን ጎድቶ ያውቃል? እኔ ሠላሳ ዓመት..." ብዬ ጀመርኩና ከመሃል ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ማንም አልጠየቀኝም። ሆዴ ግን ያውቀዋል።

መጀመሪያ በምችለው መጣሁ። ከተቃጠለ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አወጣሁ፣ ከቆርቆሮ ክብ ሳህን ሠርቼ ከሥሩ አጣበቅኩት። ብሎን ስትጥልበት ጠቅ አድርጎ ይይዛል፤ ገልብጠህ ብታራግፈው አይወድቅም። እንዲህ ያለ ነገር ከሠራሁ ቆይቼ ነበር። ጠቅልዬ ላክሁላት። በአሥረኛው ቀን ከነማሸጊያው ተመለሰ፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ሃንጋር አይገባም ተብሎ። ሳህኑን አንሥቼ ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም።

ቀጥሎ ራሴን ልሞክር አልኩ። እሷ የምትለፋውን ሳልለፋ ምን ብዬ እመክራታለሁ? አንድ ማለዳ ተቀመጥኩና ብሎን አፌ ላላስገባ ለራሴ ቃል ገባሁ። የመጀመሪያውን ማራገቢያ ፈትቼ ሳልጨርስ ሁለት ብሎን ከንፈሬ ላይ አገኘሁ። ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝ። ስፒሎቿን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና፣

"አትልፋ" አለችኝ። "ይኼ በሳህንም በምክርም አይለቅም። ልጅቷ የያዘችው ያንተን እጅ ነው። አባቴ ልክ ነው ብላ እስካመነች ድረስ፣ ሻምበሏ ሺህ ጊዜ ብትጮህባት እጇ የሚሰማው አንተን ነው።"

ይህን ብላ ስፒሎቿን መልሳ ጎረሰች። እኔ ግን የቀኑን ሥራ መሥራት አቃተኝ።

ምክንያቱም ልክ አልነበርኩም። ልክ አለመሆኔንም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውቀው ነበር።

ከሱቄ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ወፍጮ ቤት አለ፤ በዚያን ዘመን ባለወፍጮው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ይሠራበት ነበር። ያኔ ማብሪያው ተበላሽቶ ተጠራሁ። ወፍጮውን የሚያዞረውን ቺንጋ የሚሸፍነው የብረት ክዳን በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው። አራቱን ፈታሁ፣ እንደ ልማዴ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ሠርቼ ልጨርስ ስል ባለወፍጮው መጣና ጨዋታ ጀመረ፤ እሱ ጨዋታ ይወዳል። ልመልስለት ብዬ ብሎኖቹን መዳፌ ላይ ተፋሁና ደረት ኪሴ ከተትኳቸው። ክዳኑን ልገጥም ኪሴን ስዳብስ የወጣልኝ ሦስት ነው። አራተኛውን መሬት ላይ ትንሽ ፈለግሁት። ሦስትም ይይዛል ብዬ አስሬው ሄድኩ። በማግሥቱ ባለቤቴ ሸሚዜን ስታጥብ ከኪሱ ስፌት ውስጥ አገኘችውና "ይኸው ብሎንህ" ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ነገ እወስደዋለሁ አልኩ። ነገ ሥራ በዛ። ከነገ ወዲያ ዝናብ ሆነ። በስምንተኛው ቀን ወፍጮው እየሠራ ክዳኑ ከንዝረቱ ብዛት ላልቶ ወለቀ፤ ባለወፍጮው ልይዘው ሲል ቺንጋው እጁን ጎተተው። ሁለት ጣቶቹ ሄዱ።

ክዳኑን እንድጠግን ሲጠሩኝ አዲስ ብሎን ይዤ ሄጄ በአራት አሰርኩት። ትንፍሽ አላልኩም። ሰው ሁሉ ወፍጮው አርጅቷል አለ። እኔም አርጅቷል አልኩ።

ከፈተናው በፊት ባለው እሁድ፣ ባለቤቴ አሥር ደቂቃዋን ስትጨርስ ስልኩን ተቀብያት ጓሮ ወጣሁ። ለልጄ እንዳለ ነገርኳት። ብሎኑን፣ ኪሱን፣ ስምንቱን ቀን፣ ሁለቱን ጣቶች። "ጀግና ነህ እያልሽኝ ያደግሽው፣ ይህን ያደረገውን እጅ እያየሽ ነው። እኔን አትምሰዪ" አልኳት። ልጄ ዓይን ውስጥ ያለኝን ቦታ በገዛ አፌ ሳፈርሰው ይሰማኝ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

"ሰዓቴ አልቋል" አለችኝ።

አላለቀም ነበር። ስድስት ደቂቃ ይቀራት ነበር፤ እኔ የእሁድን ደቂቃ በልቤ እቆጥራለሁ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልናገርም። ለባለቤቴም ሁሉንም ነገርኳት፤ ሸሚዙን ያጠበችው እሷ ናትና ብሎኑን አስታወሰችው። አልተቆጣችኝም፤ አለመቆጣቷ ባሰብኝ። ፈተናው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሱቅ አልከፈትኩም።

እሁድ ስልኩ ገና አንዴ ሲጠራ አነሣሁት።

"አባዬ፣ አለፍኩ።"

ባለቤቴ ከእጄ ነጥቃ ጮኸችበት፣ ሳቀችበት፣ አለቀሰችበት። እኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ስልኩ ተመልሶ ሲደርሰኝ ልጄ እንዲህ አለችኝ፤ "ከመሃል ላይ እጄ ብሎን ይዞ ተነሣ። አገጬ ጋ ሲደርስ የሰውየው እጅ ታየኝ። ትዝ ይልሃል፣ ልጅ ሆኜ ዱቄት ሲሰጠኝ ያንን እጁን እፈራው ነበር። እጄን መለስኩት። ሃያ ሁለት ብሎን አወጣሁ፣ ሃያ ሁለት መለስኩ፣ ፈረምኩ። ሻምበሏ ራሷ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።"

"ተመስገን" አልኩ።

"አባዬ፣ ነገርከው?"

"ማንን?"

"አባዬ!"

"አሥራ አንድ ዓመት ሆነው'ኮ፣ ልጄ። ጣቱ አይመለስለት። አሁን ብነግረው ምን..."

"እዚህ አንድ ልጅ ብሎን ጠፋበትና ራሱ ሄዶ ተናገረ" አለችኝ። ድምፅዋ የእናቷ ነበር፣ ሲመርራት የሚወጣው። "ሦስት ሰዓት ሥራ ቆሞ ፈለግን። ማንም አልሰደበው። ጠፍቶበት ዝም ያለ ሌላ ልጅ ግን በማግሥቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እኔ ሐሙስ ዕለት የፈረምኩት ምንም አልደበቅኩም ብዬ ነው። አንተ እንዲህ ሆነህ እኔ ምን ብዬ ነው የምፈርመው? ልፈርድብህ አይደለም፣ አባዬ። እወድሃለሁ። ግን ሂድ። እሁድ ስደውል እጠይቅሃለሁ።"

የእኔ ልጅ ናት። ሬዲዮ ስትፈታ እንኳ አድርጊ አታድርጊ ብዬ ያላዘዝኳት ልጅ አዘዘችኝ።

ሰኞ ማለዳ ሄድኩ። ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር እንደዚያው ብነግረው ባልጠላሁ፤ ግማሹ ይጠፋ ነበር። ባለወፍጮው ግን "ምን አልክ፣ ኢንጂነር?" ብሎ አጠፋው። ጸጥታው ጆሮዬን ደፈነኝ። ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ስምንቱን ቀን እንኳ ሳልዘል።

ሲሰማኝ አንዴም አላቋረጠኝም። ጨዋታ ወዳዱ ሰው። ስጨርስ ክዳኑን አየ፣ እጁን አየ።

"ሦስት ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

"ሦስት ነበር።"

"ወንድሜ ምሎልኝ ነበር" አለ። "በዚያን ቀን ጠዋት ክዳኑን ከፍቶ የጠረገው እሱ ነው። 'ጋሼ፣ ያገኘሁት ሦስት ብሎን ብቻ ነው፣ መልሼ ያሰርኩትም ሦስት ነው' ብሎ እግሬ ላይ ወድቆ ምሎልኛል። ኢንጂነሩ አራት አስሮ ሄዷል፣ አንተ ነህ የጣልከው አልኩት። ውሸታም አልኩት። ከቤቴ አስወጣሁት።"

ወንድምየው ሰፈር ለቆ መሄዱን አውቅ ነበር። ለምን እንደሄደ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። አላውቅም ነበር ብል እንግዲህ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል፤ ያልጠየቅኩት መልሱን ፈርቼ ነው። የመጣሁት ስለ ሁለት ጣት ላወራ ነበር።

"ምታኝ" አልኩት። "ብትመታኝ ደስ ይለኛል።"

አልመታኝም። እጁን በሸሚዙ ጠርጎ በሦስቱ ጣቶቹ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። መፈለግ አላስፈለገውም፤ ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያልደወለበት ቁጥር። ተጫነውና ለእኔ ዘረጋልኝ።

"እኔ አፍ የለኝም" አለኝ። "አንተ ንገረው።"

ስልኩ ጠራ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ባያነሣው እያልኩ ስመኝ ተነሣ። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ማን እንደደወለ አይቷል፤ ሄሎ እንኳ አላለም።

"ጋሼ?" አለ የወንድምየው ድምፅ። "ምነው ጋሼ? ደህና አይደለህም እንዴ?"

ባለወፍጮው ሰምቶታል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ኬሻው ላይ ተቀመጠ። እኔም ማን እንደሆንኩ ተናገርኩና ከብሎኑ ጀመርኩ።