የታሸገው የባትሪ ውሃ

ሥራነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት ትልቅ ንብረት አንዲት ፒክአፕ ናት። ትዕዛዙ የሚባል ሹፌር ይዛ፣ ከደብረ ኤልያስ ገበያ እህል እያስጫነች ደብረ ማርቆስ ታራግፋለች። መኪናዋ ደህና ነች፤ ባትሪዋ ግን አልበረክት አለ። የፊተኛው ባትሪ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። በአዲስ ቢተካም ብዙ ሳይቆይ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ማቃሰት ጀመረች፤ ጎረቤት ተጠርቶ ካልተገፋች አትነሳም።

ታላቅ ወንድሟ ገዳሙ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። የባትሪ ውሃ የምትገዛውም ከሱ ነው።

"ባትሪ እንዲህ አይሞትም" አላት። "ባትሪ የሚገድለው የቧንቧ ውሃ ነው፤ እኔ የምሰጥሽ ግን የታሸገ፣ የተጣራ ነው። ይልቅ ሹፌርሽን ጠብቂው። ደህናውን ባትሪ አውጥተው በአሮጌ የሚቀይሩ ሞልተዋል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትዕዛዙን በመስኮት እያየች ትከታተለው ጀመር። ባሏ ታሞ ሳለ ሐኪም ቤት ያመላለሰው ይኸው ሰው ነው። ያንን ስታስብ ታፍራለች፤ ኮፈኑን ሲከፍት ስታይ ደግሞ መልሳ ትጠረጥረዋለች። ባትሪው ቢቀየር እንድታውቅ ጎኑን በምስማር ጫረችው። ጭረቱ ከቦታው አልጠፋም፤ ጥርጣሬዋም እንደዚያው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትዕዛዙን ግቢ ውስጥ አገኘችው። የታሸገውን ውሃ ቦይ ውስጥ ደፍቶ ከአንድ አሮጌ ጀሪካን ባትሪው ላይ እየጨመረ ነበር።

"ምን እያደረግህ ነው?"

ደነገጠ። "ውሃ እየሞላሁ ነው፣ እትዬ።"

"የምን ውሃ?"

"የዝናብ። ከቆርቆሮ የወረደ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ንጹሕ ባልዲ አስቀምጬ ያጠራቀምኩት ነው።"

"የታሸገውን ደፍተህ! ለካ ባትሪዬን የምትገድለው አንተ ነህ!"

"የፊተኛው የሞተው በታሸገው ነው። ይኼን የጀመርኩት ገና አሁን ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሻጩ ወንድምዎ ናቸው" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ማንን ሊያምኑ ነበር?"

የመኪናውን ቁልፍ ተቀብላ ከሥራ አሰናበተችው።

ከሄደ በኋላ ግን የመጨረሻ ቃሉ አላስቀምጥ አላት። ሻይ ልታፈላ ማንቆርቆሪያዋን ስታነሳ ውስጡን የሸፈነውን ነጭ ቅርፊት አየችና ቆም አለች። የቧንቧ ውሃ ሲፈላ የሚተወው ነው። ንጹሕ ውሃ ቢሆንስ ምን ይተዋል?

ሦስት የድስት ክዳኖች አጥባ ከሰል ላይ ደረደረች። በአንዱ የዝናቡን፣ በአንዱ የቧንቧውን፣ በሦስተኛው ደግሞ የወንድሟን ውሃ፣ የሌላ ጠርሙስ ማኅተም ራሷ ፈትታ፣ ጥቂት ጥቂት ጠብ አደረገች። ውሃው ተንኖ አለቀ። የዝናቡ ክዳን እንዳጠበችው ቀረ። በሌሎቹ ሁለቱ ላይ ነጭ ቀለበት ተጋግሮ ቀረ፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

በማግስቱ ሁለቱን ክዳኖች በነጠላዋ ጠቅልላ ገዳሙ ሱቅ ሄደች።

"ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ውሃ ከየት ነው የሚመጣልህ?"

"ከአዲስ አበባ ነዋ! ምን ነካሽ?"

ክዳኖቹን ባንኮኒው ላይ አኖረች። "አንዱ የቧንቧ ነው፤ አንዱ ያንተ። እስቲ ለይልኝ።"

አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ፋቀው፤ መልሶ አስቀመጠው። "እኔም ተታልዬ ይሆናላ።"

"እንግዲያው ከኋላ ያለውን ጓዳ ክፈትልኝ፤ ጠርሙሱ የሚሞላው እዚያ እንዳልሆነ ልይ።"

"ቁልፉ ቤት ቀርቷል።"

የቁልፉ ዘለላ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። ዓይኗ የት እንዳረፈ ሲያይ ኮቱን ሳብ አድርጎ ሸፈነው። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት መደርደሪያ መወልወል ሲጀምር ክዳኖቿን ሰብስባ ወጣች።

በቀጥታ ትዕዛዙ ቤት ሄዳ የመኪናውን ቁልፍ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። "በድዬሃለሁ" አለችው።

ወዲያው አልተቀበላትም። "ሌላ ጊዜ ሲጠረጥሩኝ በመስኮት አይዩኝ፤ ይጠይቁኝ።"

"እጠይቅሃለሁ።"

ያን ጊዜ ተቀበላት። ባትሪው ግን ተጎድቶ ስለነበር አልዳነም፤ ሌላ ተገዛ።

ጠርሙሶቹ ከገዳሙ መደርደሪያ ጠፉ። አልቀውበት ይሁን ጓዳ ገብተው አልነገራት፤ እሷም አልጠየቀችውም። በበዓል ቤቱ ትሄዳለች፤ ልጆቹን ትስማለች። በደብረ ማርቆስ መንገድ ስታልፍ ግን ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ካየች፣ ሹፌሩ የያዘው ጠርሙስ የወንድሟ እንዳይሆን አንገቷን አውጥታ ታያለች።