ሠላሳ አራት ኪሎ ሰይፍ

ሥዕሉን ሳይ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ምላሴን በቆረጠው እላለሁ፤ ግን ማንም ቢሆን ይስቅ ነበር።

ሺ ዴኩን እጁን በሽርጡ ጠራርጎ ወረቀቱን መስፉ ላይ ዘረጋልኝ። ሰይፍ ነው ተብሎ የተሣለ ነገር ነው። ቁመቱ ሰው ያህላል፤ ስፋቱ የበር ሳንቃ። ስለቱ በሁለቱም በኩል እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። እጀታው ላይ ደግሞ ወደ ያዡ ወደ ራሱ እጅ የዞረ እሾህ አለው።

"ይሄን የሚይዝ ሰው ጠላት ምን ያደርግለታል? ሲያስነጥሰው ራሱን ይጨርስ የለ እንዴ" አልኩት።

ዴኩን አልሳቀም። "ሮንግ ነው የላከው" አለ።

ሮንግ አንድ ልጁ ነው። ለእናቱ ቀብር መጥቶ በማግስቱ ከመሄዱ በቀር፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የአባቱን ቤት ያልረገጠ ልጅ።

እኔ ሉዎ እባላለሁ። ከዴኩን ጋር እዚህ ሎንግቹዋን፣ በሰይፍ ሥራ በታወቀችው የቻይና ከተማ፣ አንድ ጣሪያ ሥር አርባ አንድ ዓመት ሠርተናል። እሱ ይቀጠቅጣል፣ እኔ እሞርዳለሁ። ቤታችን ደንብ አለው። ሰይፍ ሲያልቅ የሚወስደው ሰው ራሱ ይመጣል፤ ይዞት ክንዱን ዘርግቶ ይቆማል፤ እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምቀዳው። ኩባያው እስኪሞላ ጫፉ ካልወረደ ዴኩን የብረት ማኅተሙን አንስቶ በመዶሻ እጀታው ሥር ስሙን ይመታበታል። ከወረደ ግን ሰይፉ ለሰው ልጅ አልተሠራም ማለት ነው፤ እዚያው ለሁለት ይቆረጣል። ደንቡ ከመምህራችን የወረስነው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ሻይ አጉድዬ ቀድቼ አላውቅም።

የአባትና የልጁም ጸብ የመጣው ከዚሁ ነው። ሮንግ ወናፉ ሥር ያደገ ልጅ ነው፤ እጁም ጥሩ ነበር። ሃንግዡ ተምሮ እዚያው ቀረ፤ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ቀጠረው። ሥራው ለጨዋታው ጀግኖች መሣሪያ መሣል ነው። ለአዲስ ዓመት ሲመጣ ሥዕሎቹን ይዞ መጣ፤ ደስታው ሌላ ነው፤ የበዓሉ ዓሣ ገና ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ዴኩን አንድ በአንድ አያቸው። "ይሄ አይነሳም። ይሄ በመጀመሪያው ምት ይሰበራል። ይሄኛው ከጀርባ አይመዘዝም፤ ክንድህ አይደርስም" አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ያቺን ክፉ ቃል ጨመረባት። "አንተ በምትሥለው ነገር ላይ የኔ ስም አይመታም።" ልጁ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ፤ እራቱንም አልበላ።

አሁን ከሥዕሉ ጋር የመጣችው ደብዳቤ አጭር ነች። ድርጅቱ አዲሱን ጨዋታ በትልቅ አዳራሽ ሊያስመርቅ ነው፤ የጀግናው ሰይፍ መድረኩ ላይ እንዲቆም ተፈልጓል፤ ቁመቱና ስፋቱ ይሄ ነው። ከታች በእጅ ጽሑፍ "አባ፣ አንተ ብትሠራው ደስ ይለኛል" ይላል። ዴኩን ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አስነበበኝ፤ መነጽሩ ግን አፍንጫው ላይ ነበር።

"ትከሻህስ?" አልኩት። ሐኪሙ ከእንግዲህ መዶሻ እንዳትነካ ብሎታል።

"ይሄን ልጨርስና መዶሻውን እሰቅለዋለሁ።"

ተው ብለው ወይ ፍንክች። አራት ወር ቀጠቀጠ። በመብራት በሚሠራው መዶሻ የሚሆነውን በዚያ፣ የማይሆነውን በእጁ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ አንዱ ጎን ሲግል ሌላው ይቀዘቅዛል፤ ሁለቴ ተጣሞበት ከአዲስ ጀመረ። ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሳ ሲለው በግራው ቀጠለ።

በአራተኛው ወር ለሮንግ ደወልኩ። "ሰገባው ከምን ይሁን?"

"ሰገባ የለውም፣ አጎቴ። ጀርባው ላይ ይጣበቃል።"

"በምን?"

"በቃ ይጣበቃል። ጨዋታ እኮ ነው።"

"ሲቀመጥስ?"

"አይቀመጥም።"

"ሲተኛስ?"

"አይተኛም፣ አጎቴ።"

"እንግዲያው ሰውዬው ሁልጊዜ የሚቆጣበት ምክንያት ገባኝ።"

ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁን ሰማሁ። ከዚያ "የሚሸከሙት ሁለት ሰዎች ልልክ ነው፤ ይበቃሉ አይደል? አራት አምስት ኪሎ ቢሆን ነው" አለ።

"ሠላሳ አራት" አልኩት።

"አጎቴ፣ እኛ ያዘዝነው ውስጡ ባዶ የሆነ ነው" አለ። "ቆርቆሮ። ለዓይን ብቻ።"

ደብዳቤው ላይ ባዶ ይሁን የሚል ነገር የለም። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ሳይነግሩት ይገባው ይሆናል። ሎንግቹዋን ውስጥ ግን ሰይፍ ሥራ የተባለ ሰው ባዶ ብረት በሐሳቡም አይመጣም፤ ለኔም አልመጣልኝም። ሁለት ሽማግሎች አንዴ ስልክ አንስተን "ምን ያህል ይመዝን?" ብለን አልጠየቅንም። ልጁም ወናፉ ሥር ማደጉን ረስቶ እንደ ሃንግዡ ሰው ጻፈ። ሠላሳ አራት ኪሎ ለመድረኩ ስለማይሆን ድርጅቱ በዘጠኝ ቀን ከፕላስቲክ አሠርቶ እንደሚጨርስ ነገረኝ።

"አይንገሩት። መጥቼ እኔው እነግረዋለሁ" አለኝ።

ተመልሼ ስገባ ዴኩን ሰይፉን ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ በመዳፉ ሚዛኑን ይፈልጋል። "ጫፉ እንዳይወርድ ክብደቱን ወደ እጀታው ስቤዋለሁ" አለኝ። "ሮንግ ይዞት ይቆማል። ስሜን እመታበታለሁ፣ ሉዎ። ያቺን ቃል እመልሳታለሁ።"

መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ድንጋዬን አረጠብኩና ማንም የማይፈልገውን ሰይፍ ሃያ ቀን ሞረድኩ። እያንዳንዱን ጥርስ ሳይቀር አበራሁት።

ሮንግ ቅዳሜ ጠዋት በዝናብ ብቻውን መጣ። ፀጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። አባቱ ፊት ቆሞ አጎነበሰ፤ ዴኩን "በልተሃል?" ብሎ ጠየቀው፤ በላሁ አለ። በዚህ አለቀ። ሰይፉን የሸፈነውን ጨርቅ ስገልጠው ግን ልጁ አፉን ያዘ። በኮምፒውተር የሠራው ነገር በብረት ሆኖ ተኝቷል።

"አባ፣ መጀመሪያ የምነግርህ..."

"መጀመሪያ ያዘው" አለ ዴኩን። "በሁለት እጅህ ይሁን። ያንተም ሰውዬ በሁለት እጁ አይደል የሚይዘው።"

ሮንግ ወደኔ አየ። እኔ ምን አባቴ ላድርግ? ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ።

እጀታውን ጨብጦ፣ እሾሁን ሸሽቶ፣ እግሩን ከፍቶ አነሳው። ከጉልበቱ አለፈ፣ ከወገቡ አለፈ። ክንዱ ይንቀጠቀጣል። መቅዳት ጀመርኩ። ጫፉ መንሸራተት ሲጀምር ዴኩን ከመቀመጫው ተነስቶ ግራ ክንዱን ከሥሩ አስገባለት። እንዲህ ያለ ነገር በደንባችን የለም። አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ፊታቸው ደም መስሎ፣ ያን ጉድ ተሸክመው ቆሙ።

ኩባያው ግማሽ ደርሷል። "ሞላ" አልኩ።

ዴኩን አንገቱን አዙሮ ኩባያውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። "አልሞላም" አለ።

ቀጥዬ ልቀዳ ስል ጫፉ ወረደ። የወለሉን ጡብ ለሁለት ሰነጠቀና ቆመ።

ሮንግ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ሁሉንም ነገረው። ባዶ መሆን እንደነበረበት፣ ፕላስቲኩ መድረክ ላይ መቆሙን፣ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን። ዴኩን ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ይዞ ሰማ። እኔም "አውቅ ነበር" አልኩ፤ ዝም ብዬ መቅረት አልቻልኩም። እንደ ወንድሜ የማየውን ሰው ሳዋርድ ከረምኩ ማለት ነው።

ዴኩን ወደ ልጁ ዞሮ ጠየቀው። የጥንቱ ፌዝ ድምፁ ውስጥ አልነበረም። "ለምን ነው እንዲህ የምትሥላቸው? ሰይፍ ምን እንደሚያክል አንተ ጠፍቶህ ነው?"

ሮንግ መሬት መሬት እያየ መለሰ። "አምስት ዓመቴ ነበር። እዚያ መደርደሪያ ላይ የነበረውን ሰይፍ ላወርድ ሞከርኩ። ከኔ ይረዝም ነበር። በሁለት እጄ ታግዬ አቃተኝና ወደቀ። አንተ መጣህ፤ አልተቆጣኸኝም። በአንድ እጅህ አንስተህ መለስከው። ሰይፍ ልሥል ስቀመጥ የሚታየኝ ያ ነው፣ አባ። ያኔ ለኔ ይሄን ያክል ነበር።"

ዴኩን ተነሳ። መሳቢያውን ከፍቶ ማኅተሙን አወጣ። የወደቀ ሰይፍ ላይ ስሙን ሊመታ ነው፤ አርባ አንድ ዓመት የጠበቅነው ደንብ ዛሬ በኔ ፊት ሊፈርስ ነው ብዬ ፈራሁ። ይፍረስ ብዬም ተመኘሁ።

ሰይፉን አልፎት ሄደ። ግድግዳው ላይ በምስማር የሰቀለውን፣ ጥላሸት የጠገበውን የሮንግን ሥዕል አውርዶ ጥግ ያለው የእንጨት ግንድ ላይ ዘረጋው። ማኅተሙን ከእጀታው ሥር፣ ልክ በቦታው አቆመ። ቀኝ እጁ ሊረጋለት አልቻለም።

"ያዝልኝ" አለው ልጁን።

ሮንግ በሁለት ጣቱ ያዘለት። ዴኩን መዶሻውን በግራው አነሳና አንድ ጊዜ መታ። ማኅተሙ ሲነሳ ስሙ ወረቀቱ ላይ ሰምጦ ቀርቷል።

"ሰይፉ ወድቋል፤ ነገ አብረን እንቆርጠዋለን" አለ ዴኩን። "ሥዕሉ ግን ልክ ነው።"

ሮንግ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ዴኩን መዶሻውን ምስማሩ ላይ ሰቀለው። እኔ ደግሞ ያንን የጎደለ ኩባያ እስከ አፉ ሞልቼ ሰጠሁት፤ በግራ እጁ ተቀበለኝና ጠጣ።