ሰማያዊው መስመር

ልብስ ሰፊዋ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። እንግዳው «እግዜር ያጽናሽ» ማለቱስ አልቀረም፤ ዓይኑ ግን እሷን አልፎ፣ ጥግ የተቀመጠችውን የሟች ወንድሟን ሚስት ይፈልግ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ነው። ማባበሉም፣ ከፔርሙዝ የሚቀዳው የመጀመሪያው ሻይም ለሚስቱ ነው። «ስድስት ዓመት ያወቀችው ዋና ሐዘንተኛ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ እንግዳ!» አለች በሆዷ። ቅናት ነበር፤ ማፈር ቢገባትም አላፈረችም።

«ነፍሱን ይማረውና፣ እኔንም ስሎኝ ነበር» አለ አንድ ጡረተኛ ሾፌር በሹክሹክታ። «ሚስቴ አይታው ‹ይሄ ጆንያ የማን ነው?› አትለኝም!» አጠገቡ የነበሩት ሳቃቸውን በሳል አፈኑት።

ሰፈሩ ሟቹን ሠዓሊ «ግማሹ» ይለው የነበረው ለዚህ ነው። የሚስለው ሁሉ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ቀለም ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሰውየውን ቁርጥ ራሱን አድርጎ ይስለዋል፤ ከዚያ በጨርቅ እየጠረገ ያደበዝዘዋል። የት ላይ እንደሚያቆም የሚያውቀው በእህቱ ነበር። በሥራ ክፍሉ በር ላይ ያቆማትና «እትዬ፣ ማን ነው?» ይላታል። ወዲያው ካወቀችው፣ ገና ነው። ጨርሶ ከጠፋባት፣ አበላሽቶታል። አመንትታ አመንትታ «ውይ! እከሌ!» ያለች ዕለት፣ እስከዚያ ተዘቅዝቆ የሚቆየውን ብሩሽ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጎ ጣሳው ውስጥ ያቆመዋል። አለቀ ማለት ነው።

ካገባ ወዲህ ግን መሄዱን ተወችው። ከአሥር ቀን በፊት ደውሎ «እትዬ፣ አንድ የምታይልኝ አለ፣ ነይ» ቢላት፣ «ሚስትህ ዓይን የላትም?» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። በሳምንቱ ልቡ በድንገት ቆመ።

እንግዶቹ ሳሳ ሲሉ ሚስቱ ክንዷን ይዛ ወደ ሥራ ክፍሉ ወሰደቻት።

«ቆዪ እትዬ፣ እዚያ ላይ» አለች፣ ወለሉን እያሳየቻት። በሩ ሥር፣ ድሮ ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል። ቀለሙ አዲስ ነው።

«በየዓመቱ ያድሰው ነበር። ‹የእትዬ ቦታ ነው› ብሎ አያስረግጠኝም።» መስመሩን አየችው። «ምን እደብቅሻለሁ፤ ስድስት ዓመት በዚህ መስመር ስቀና ኖሬያለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ መስመሩ ላይ ቆመች። ፊት ለፊቷ ባለው ሸራ ላይ አንዲት ሴት ቢጫ ቀለም ውስጥ ልትጠፋ ምንም አልቀራት።

«ማን ናት?» አለች ሚስቱ። «ስጠይቀው ‹እትዬ ትንገርሽ› አለኝ። ሌላ ሴት ነበረችው ይሆን እያልኩ፣ በገዛ ለቅሶዬ እብሰለሰላለሁ።»

«ምነው እኔ በሆንኩ» አለች ልብስ ሰፊዋ በሆዷ። የሴትየዋ አንገት ላይ የራሷን የመለኪያ ሜትር ፈለገች፤ የለም። ቀኝ መዳፍ ግራ ክርንን ደግፏል። ዞር ብላ አጠገቧ የቆመችውን አየች። ያው ክርን፣ ያው መዳፍ። «አላወቅኳትም» ብትል ማንም አይፈርድባትም። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ውይ!» አለች፤ እንባዋ መጣ። «አንቺ ነሽ እኮ!»

ከዚያ መስመሩን ተሻግራ፣ ጣሳው ውስጥ የተዘቀዘቀውን ብሩሽ አነሳች። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና፣ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጋ መልሳ አቆመችው።