የሚሞቀው ግድግዳ

ሻምበል ግዛቸው መሐረቡን በኮሎኝ ነክሮ አፍንጫው ላይ ለጥፎ፣ ከመጋዘኑ በር ሃያ እርምጃ ርቆ ቆሟል። ፈለቀ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። የባሩዱ ኃላፊ እሱ፣ ከባሩዱ የሚሸሸውም እሱ!

ፈለቀ በዓመት አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ እየመጣ ዲላ የተከማቸውን የመድፍ ባሩድ ደኅንነት የሚመረምር ሰው ነው። በሩን ሲከፍት የተቀበለው ጉሮሮ የሚፍቅ፣ ዓይን የሚያቃጥል ኮምጣጣ ሽታ ነው። ሳጥኖቹ ደግሞ አይታዩም። ሁሉም በእንሰት ቅጠል ተጠቅልለው ድንጋይ ተጭኖባቸዋል።

«ይሄ ምን ጉድ ነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ዘበኛው ደበበ በኩራት። የጌዴኦ ገበሬ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ከሚስቱ ከሙሉካ ጋር የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፋ በተሠራች ጎጆ ይኖራል። «ሻምበል ‹እንግዳ ሳይመጣ ሽታውን አጥፋ› አለኝ። ዋሳ፣ እናንተ ቆጮ የምትሉት፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲኮመጥጥ በቅጠል ሸፍነን ድንጋይ እንጭናለን። እያደረ ይበስላል። ይሄም እየበሰለ ነው።»

ፈለቀ አንዱን ገለጠ። ቅጠሉ ከስሏል፤ ከሳጥኑ ስንጥቅ ቡናማ ጭስ ወጣ። ውስጡ ያለው ባሩድ እንደ ንፍጥ ዝልግልግ ብሏል። ወደ ውጭ ሮጦ መመርመሪያ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ።

ይህ ዓይነቱ ባሩድ ሲያረጅ ከራሱ አሲድ ያወጣል። ያንን አሲድ እየዋጠ የሚያቆየው መድኃኒት ገና ከፋብሪካው ተቀላቅሎበት ይመጣል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን አሲዱ ሌላ አሲድ ይወልዳል፣ ባሩዱ ይሞቃል፣ አንድ ቀን ክብሪት ሳይነካው ይነድዳል። የፈለቀ ሥራ ከባሩዱ ቆንጥሮ አሙቆ፣ ከላዩ ሐምራዊ ወረቀት አንጠልጥሎ፣ ወረቀቱ በስንት ደቂቃ ቀለሙን እንደሚለቅ ማየት ነው። ዛሬ ማሞቅ አላስፈለገውም። ወረቀቱ ሳጥኑ አፍ ላይ ገና ሲደርስ ገረጣ።

«‹ደኅና ነው› ብለህ ፈርምና ምሳ እንብላ» አለ ሻምበሉ ከሩቅ። «አምና እንዳደረግከው።»

በሩ ላይ የአምናው ወረቀት ከነፊርማው ተለጥፏል። ፊርማው የፈለቀ ነው። አምና ዝናብ ነበር፤ ፈለቀ መጋዘኑ ድረስ አልመጣም። ሆቴል ቁጭ ብሎ፣ ሻምበሉ የጋበዘውን ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ ነው የፈረመው።

«እኔ ከወደቅሁ አብረን ነው የምንወድቀው» አለ ሻምበሉ ቀረብ ብሎ።

ፈለቀን ኮሎኙ ከባሩዱ ይልቅ ከረፋው። ቀጥሎ የገዛ እጁ ቀፈፈው። ያም ሆኖ ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። እውነቱን ቢጽፍ ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን መታሰርም አለ፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አራት ልጆች አሉ።

«ያ አምና የፈረመ ሰውዬ ጌታ ይባርከው» አለ ደበበ፣ ንግግራቸውን ሳይሰማ ከጎጆው በኩል መጥቶ። «‹ደኅና ነው› ስላለ ነው አልጋችንን ወደ ግድግዳው ያስጠጋሁት። ሚስቴ ሙሉካ ወገቧን ያማታል፤ ብርድ አትችልም። ከክረምት ወዲህ ግድግዳው ይሞቃል። ጸሎታችን ተሰማ።»

ፈለቀ መዳፉን ግድግዳው ላይ አደረገ። ይሞቃል።

ብዕሩን ጥሎ ጎጆዋ ውስጥ ገባ። ሙሉካ ጀርባዋን ለሙቀቱ ሰጥታ ተኝታለች። ሳያስፈቅድ አቅፎ አወጣት፤ «ሽሹ!» እያለ እየጮኸ መንገዱን ተሻግሮ ከቁልቁለቱ በታች አስቀመጣት። ሻምበሉ ቀድሟቸው ሮጧል፤ ደበበም ተከትሏቸዋል።

ፈለቀ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ እርሳስ አወጣና ጻፈ። የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበው። «ባሩዱ ተበላሽቷል። አምና መጋዘኑን ሳልከፍት የፈረምኩት እኔ ፈለቀ ነኝ።»

ደበበ ከተነበበው ሁሉ «የፈረምኩት» የሚለውን ብቻ ነው የሰማው። ጎንበስ ብሎ የዚያን የመረቀውን ሰው እጅ ያዘና ሳመው።

«ተው! አትሳመኝ!» አለ ፈለቀ። «ግድግዳውን ያሞቀው ጸሎት አይደለም። ያ ባሩድ ሊነድ ነው። እኔ አምና ከፍቼ ባየው ኖሮ ሚስትህ እሳት ተደግፋ አትተኛም ነበር።»

ደበበ ሙሉካን አየ፤ ከዚያ መጋዘኑን። የያዘውን እጅ ለቀቀና ከንፈሩን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።