ያልታጠረው አርባ ጊጋ

ጋሼ ምናሴ ማክሰኞ ጠዋት የኮምፒውተራቸው ዲስክ ውስጥ ገቡ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ የሚባሉትን ሁለት ሲስተሞች ጎን ለጎን ስጭንላቸው፣ «ለወደፊት ይሆናል» ብዬ ከዲስኩ አርባ ጊጋ ቦታ ቆርሼ ፎርማት ሳላደርገው፣ ለፋይል ሳላዘጋጀው ተውኩት። ሰውዬው ደግሞ ሠላሳ ዓመት መሬት ቀያሽ ነበሩ። ለእሳቸው ያልታጠረ ባዶ ቦታ አሳይቶ «አይንኩት» ማለት ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ነው።

ባለቤታቸው እትዬ የውብዳር ዲስኩን በፌስታል ጠቅልለው አሰላ ወዳለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ አመጡት። «ቁርሱን እንኳ ሳይጨርስ ነው የገባው» አሉኝ። በዊንዶውስ ከፈትኩት፤ መጀመሪያ ፎርማት ይደረግ አለ። በሊኑክስ ሞከርኩ፤ ቦታው አለ፣ ምንነቱን ግን አላውቀውም አለ።

«ፎርማት ካልተደረገ አይታዩም» አልኳቸው። «ከተደረገ ደግሞ…»

«ይጠፋል?»

ሙሉው ፎርማት ሁሉን ይጠርጋል፤ ፈጣኑ አዲስ መዝገብ ይከፍታል እንጂ መሬቱን አይነካም። ይህን ለደንበኛ ሺህ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ያን ቀንም ለእትዬ የውብዳር ደገምኩላቸው።

«በፈጣኑ አድርገው» አሉኝ። ሁለቱም ሲስተሞች የሚያነቡትን የፎርማት ዓይነት መረጥኩ። ለቦታው ስም ሲጠይቀኝ «ምናሴ» ብዬ ጻፍኩና ተጫንኩት።

በስክሪኑ ላይ መስኮቱ ሲከፈት ፋይል የለበትም፤ ሜዳ ነው። አጃኢብ ነው፣ እንዲህ ያለ ስፋት በዕድሜዬ አላየሁም። ሣሩ ይተኛል፣ ይነሳል። ጋሼ ምናሴ ከወዲያ ጥግ የጤፍ ፍሬ አክለው ይታያሉ። እጃቸውን አነሱና ወደ እኛ መራመድ ጀመሩ። አልቀረቡም። በየእርምጃቸው ባዶው ቦታ አንድ ጊጋ ይጨምራል፤ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት። ምሳ ሰዓት ላይ ከዲስኩ ከራሱ በለጠ።

እትዬ የውብዳር ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። «ምናሴ፣ እዚያው ቁም።»

ቆሙ። ቁጥሩም ቆመ።

«እሱ ቢመጣ አይደርስም» አሉኝ ነጠላቸውን እያጣፉ። «እኔ ልሂድለት።»

ላስቆማቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩባቸውም። እግራቸውን አንስተው በመስኮቱ ገቡ። አሁን በየእርምጃቸው ቁጥሩ ይቀንስ ጀመር። ስድስት መቶ። ሦስት መቶ። ዘጠኝ። አሥር ሰዓት ገደማ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ዜሮ ሆነ፤ ዲስኩ ሞልቷል የሚል መልእክት መጣ። ፋይል ፈለግኩ፤ አንድም የለም።

እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም። ሱቅ ልዘጋ ስል ዲስኩን ለመንቀል ሞከርኩ። ኮምፒውተሩ፣ ዲስኩ በሥራ ላይ ስለሆነ ሊነቀል አይችልም አለኝ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አልተወም።