የእርጥብ ብር ነገር

ሱማርሲህ ልጅ ሳለች፣ ከቀርከሃው ግድግዳ ማዶ አባቷ ከሰማራንግ ከተማ ከመጣ አንድ ነጋዴ ጋር ሲነጋገር ሰምታ ነበር። ስለ ምን እንደነበር ዛሬ አታስታውስም፤ ስለ ሰርግ ቀለበት ይሁን ስለ ማንኪያ። የቀረላት ይህች ብቻ ናት፦

«ታዲያ ተስማማን ማለት ነው?»

«ኢንጊህ።»

«ኢንጊህ ስትል አዎ ነው?»

«ሰምቻለሁ ለማለት ነው።»

ከዚያ ነጋዴው ሳቀ ወይም ተቆጣ፤ እዚያ ላይ ትዝታዋ ይከዳታል።

አሁን እሷም ጎልማሳ ሆና፣ በጃቫ ደሴት፣ በኮታገዴ የጋራ ወርክሾፕ የሰፈሯን ብር አንጣሪዎች በመሣሪያ መሥራት ታለማምዳለች። እሺ ይበልጣል ከሺ ያለ ሰው፣ እዚህ መጥቶ ብር መዳመጥ አላስተማረም።

መዳመጫው እንደ መስታወት የሚያበሩ ሁለት ድቡልቡል ብረቶች አሉት። እጀታው ሲዞር ብሩ በመካከላቸው አልፎ ይሳሳል። ሆኖም በእሳት ለስልሶ ውኃ የተነከረ ብር ሳይደርቅ ከገባ ብረቱ ይዝጋል። ዝገቱ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም ከዚያ ወዲያ በሚያልፈው ብር ሁሉ ላይ ይታተማል። አንድ ጊዜ ዝጎ፣ በስንት ልፋት ተወልውሎ ነው የዳነው። መዳመጫውን ያዋሳቸው የወንዝ ማዶው ማኅበር ሰብሳቢም «ሐሙስ መጥቼ አያለሁ። ዝገት ካገኘሁበት ጭኜው ነው የምሄደው» ብሏል። መዳመጫው ከሄደ ከአንጣሪዎቹ አንዷ ቡ ዋርቲኒም፣ እመት ዋርቲኒ ማለት ነው፣ ከሥራዋ መውጣቷ ነው፤ ትከሻዋ ከታመመ ወዲህ መዶሻ ማንሳት አትችልም።

ማክሰኞ ዕለት ሱማርሲህ እንደገና ከሀ ጀመረች። ብሩን አለሰለሰች፣ ነከረች፣ በጨርቅ ጠረገች፣ ከመብራቱ ሥር አሙቃ አደረቀች።

«ገባችሁ?»

«ኢንጊህ» አሉ ሁሉም፣ ከኢማሙ ኋላ አሚን እንደሚባለው ባንድ ድምፅ።

ዞር ከማለቷ ከኋላዋ ጠብ፣ ጠብ የሚል ሰማች። የሁሉም ታላቅ ስለሆኑ ፓክ፣ አባባ፣ የሚሏቸው ካርዮኖ ብራቸውን ከውኃው አውጥተው፣ ሁለቴ አራግፈው፣ መዳመጫው አፍ ላይ ደርሰዋል።

«ፓክ ካርዮኖ፣ አሁን ምን አልኩ?»

«ይድረቅ አልሽ።»

«ደርቋል?»

«ኢንጊህ።»

«ይንጠባጠባል እኮ።»

«ኢንጊህ፣ ትንሽ ይንጠባጠባል።»

ሱማርሲህ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ዋርቲኒ ከጥጓ ሆና «ተይ ቡ ማርሲህ፣ አትልፊ» አለች። «ሚስታቸው ከተጋቡ ጀምሮ ጫማ ያውልቁ ትላቸዋለች። ኢንጊህ ይላሉ። ጭቃው ምንጣፉ ላይ ነው።»

«ለመዳመጫው ብር ቢጠፋ ያንቺ ምላስ አለ» አሉ ካርዮኖ።

«ምላሴ እርጥብ ነው፣ ያዝገዋል።»

ሁሉም ሳቁ፤ ሱማርሲህ ግን አልሳቀችም። ለታላላቆች በሚነገረው የጃቫ የትሕትና ቋንቋ ለምናለች፤ በቤት ቋንቋ ተቆጥታለች። ግድግዳው ላይ ጠብታ ስላ በቀይ ሰርዛበታለች፤ ያችን ጠብታ አበባ ናት ብለው ያደነቁላት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። ብረቱን ጠርጋ ዘይት ቀባችና ለከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ወጣች። ስትሰግድ ትዕግሥት ለመነች። ከትዕግሥቱም ጋር አንድ ዘዴ ጨምርልኝ አለች።

ስትመለስ ገባችሁ ወይ ብላ አልጠየቀችም።

«መዳመጫውን ማበላሸት የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል?»

ለዚህ ኢንጊህ መልስ አይሆንም። መጀመሪያ ተያዩ፤ ቆይቶ ጨዋታው ጣማቸው። አንዱ አሸዋ እበትንበታለሁ አለ፣ ሌላዋ ለባሌ እሰጠዋለሁ አለች። ካርዮኖም ተራቸው ሲደርስ፦

«እኔማ ብሩን ከውኃ አወጣና፣ ሁለቴ አራግፌ፣ ቢስሚላህ ብዬ...»

እዚያ ላይ ቆሙ። ጣቶቻቸውን አዩ። የሳቀ አልነበረም።

«እንግዲያው ለምን አያደርቁትም፣ ፓክ?» አለች ሱማርሲህ።

«አልችልም።»

ከመጣች ጀምሮ እዚያ ቤት «አልችልም» ሲባል ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ብሩ እስኪደርቅ እጄ ይረሳዋል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ድሮ ከውኃ አውጥቼ ወዲያው ነበር የምመታው። አሁን ቁጭ ብዬ ሲደርቅ ከጠበቅሁ፣ ምን ልሠራበት እንደነበር ይጠፋኛል። ትናንት ቅጠል ብዬ ጀምሬ፣ ሲደርቅልኝ ቁራጭ ብር ይዤ ቀረሁ።»

«ይህን ከወር በፊት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ገባዎት ወይ ነበር ጥያቄሽ። ገብቶኛል እኮ።»

ሱማርሲህ አንድ ወር ሙሉ የተቆጣችው ለካ ባልጠየቀችው ነገር ነው። ይህም እንደገና አበሸቃት፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ዋርቲኒ በርጩማዋን ጎትታ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች። የቅድሙ ተረብ ከፊቷ ጠፍቷል።

«ለእኔ ይስጡኝ። እኔ ሳደርቀው እርስዎ ምን እንደሚሆን ይነግሩኛል። ቅጠል ካሉ ቅጠል ብዬ እመልስልዎታለሁ። ምላሴን እንደሆነ ያውቁታል፣ አይረሳም።»

ካርዮኖ ብሩን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። የእጃቸውን ሥራ ለሰው እጅ አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም። ወደ መዳመጫው አዩ፣ ወደ ዋርቲኒ ትከሻ አዩ። ሱማርሲህ መልሱን አልቀማቻቸውም፤ ጠበቀች።

«ጨርቁ የአኩሪ አተር ቴምፔ ስትጠብሺ እጅሽን የምትጠርጊበት ነው?»

«አዲስ አመጣለሁ።»

«ሳልጨርስ አታቋርጪኝም?»

«እሱን እንኳ እሞክራለሁ።»

«እንግዲያስ አንቺ ታደርቂዋለሽ፣ እኔ አዞራለሁ» አሉና የሚንጠባጠበውን ብር መዳፏ ላይ አኖሩ። «የጆሮ ጌጥ ነው። የጃስሚን እምቡጥ፣ ገና ያልፈነዳ።»