ዶክተር ያደረግሁት ነርስ

ዮፍታሔ እግሬ ላይ ወድቆ ነው የለመነኝ። «ጋሽ ዓምሃ፣ አደራዎን! ሥራውን ከጠየቁዎት ነርስ ነው ይበሉ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል እንዳይጨምሩ።»

«ሽምግልና ልታስተምረኝ ነው እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። ጉለሌ ውስጥ ስንት ትዳር አቁሜአለሁ! መካኒኩን ኢንጂነር፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊውን ጠበቃ እያልኩ ድሬአለሁ። ማንም ፈቃድህን አሳየኝ ብሎኝ አያውቅም።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሽማግሌ ይዤ ዮፍታሔ ወደመረጣት ወደ ርሆቦት አባት ወደ አቶ ደበላ ቤት ሄድን። ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በታች ነው፤ ዳገቱ ትንፋሼን ጨረሰው። ተቀመጡ ሲሉን በወጉ እምቢ ብለን፣ ቆመን ልጃቸውን ጠየቅን።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ አቶ ደበላ።

ነርስ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን የልጅቱን የምረቃ ፎቶ ግድግዳው ላይ አየሁና ምላሴ «ዶክተር ነው!» ብላ ቁጭ።

እናትየው ወይዘሮ ሾዴ «እኛ የምናውቀው ነርስ ነው» አሉ ቀስ ብለው። አቶ ደበላ ብድግ አሉ። «ፈቃድ ባላወጣበት ማዕረግ ሽማግሌ የሚልክ ልጅ እኛ ቤት አይገባም!»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የልጁን ትዳር በገዛ አፌ አፈረስኩት። «ጌታዬ፣ ውሸታሙ እኔ ነኝ!» አልኩ። «እሱማ ነርስ ይበሉ ብሎ እግሬ ላይ ወድቋል። የሾምኩት እኔ ነኝ፤ በኔ ጥፋት እሱን አይቅጡት።»

ወይዘሮ ሾዴ እፎይ ብለው ሳቁ። «እኔም ይሄ ልጅ ምን ነካው ብዬ ደንግጬ! አምና ሆስፒታል ተኝቼ እሱን ዶክተር፣ ዶክተሯን ደግሞ ሲስተር እያልኩ ስጠራ፣ ‹እማማ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ ዶክተሯ እሷ ናት› እያለ በየቀኑ ያርመኝ ነበር። ርሆቦት አጠገቤ ሆና ትሰማለች። ይሄ ልጅ አይዋሽም ያልነው ያኔ ነው።»

አቶ ደበላ በሩን ከፈቱት። ሊያባርሩን ነው ብዬ ወደ በሩ አመራሁ።

«ውጡና እንደ አዲስ ግቡ» አሉ። «አሁን የመጣውን ሽማግሌ እኔ አላየሁትም።»

ወጣን። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያየናል። አንኳኳሁ።

«ማን ነው?» አሉ አቶ ደበላ ከውስጥ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ።

እኔም ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩ፦ «ልጃችሁን ለልጃችን ለነርስ ዮፍታሔ ስጡን ብለን መጥተናል!»

በወጉ ቢሆን አባት «አስበን ሌላ ቀን መልስ እንሰጣለን» ማለት ነበረባቸው። ወይዘሮ ሾዴ ግን ባላቸውንም ቀጠሮውንም አልጠበቁም፤ ገና በሩ ሳይከፈት እልልታቸውን አቀለጡት።